የሚያጨበጭብ መጋረጃ

በቤታችን መጀመሪያ ኮንዲሽነር የገባው ለሰው ሳይሆን ለድንጋይ ነው። እኛ በጅዳ ሐሩር ጣራ ላይ ወጥተን እርጥብ አንሶላ ተከናንበን ስናድር፣ አባቴ ከቀይ ባሕር ያወጣቸው ድንጋዮች ታች በቀዝቃዛ አየር ይንፈላሰሱ ነበር። አያቴ ጠዋት ወገቧን ይዛ ከጣራው ስትወርድ ገንዳው ፊት ቆም ትልና «እንዴት አደራችሁ፣ ጌቶቼ? በረዳችሁ እንዴ?» ትላቸዋለች። እኔ ከልቧ መስሎኝ አብሬያት እጅ እነሳ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ድንጋይ የምላቸው ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ናቸው። ሲያዩዋቸው ድንጋይ፣ ሲነኳቸው ሥጋ። መብራት ሲበራላቸው እንደ አበባ ይፈነዳሉ፤ ጥላ ድንገት ሲያርፍባቸው ወይም አንድ ነገር ሲያስደነግጣቸው ደግሞ ኩርምት ይላሉ። በእነሱ ምክንያት ቤታችን ውስጥ የዝንብ መድኃኒት አይረጭም፣ በር ተወርውሮ አይዘጋም፣ ከሁሉም በላይ መስተዋቱ አይንኳኳም። ይቺ የመጨረሻዋ የአባቴ ሕግ ነበረች። «ኡልፋት፣ አንቺ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሰው ጣራሽን በመዶሻ ቢመታው ደስ ይልሻል?» ይለኛል። ደስ እንደማይለኝ ስነግረው «እንግዲያው» ይልና ጨው ወደ መለካቱ ይመለሳል።

አባቴ ጀሚል ቀን የስልክ መሥመር ይዘረጋል፣ ከሥራ ሲመለስ የባሕር ሰው ነው። ገንዳውን ያስቀመጠበት ቦታ ግን ዘመድ አዝማድ ሁሉ ጉድ ያለበት ነበር። የወንድ እንግዳ መቀበያውንና የሴቶቹን ሳሎን የሚለየውን ግድግዳ አስፈልጦ፣ በሁለቱም በኩል መስተዋት የሆነ፣ አልጋ የሚያህል ገንዳ አስገባበት። ባዕድ ወንድ የቤቱን ሴቶች በማያይበት፣ አባቴ ራሱ እንግዳ ይዞ ደረጃው ላይ ሲወጣ ሴቶቹ ገለል እንዲሉ በሚያስልበት ቤት ማለት ነው። አያቴ ያን ዕለት ምሳ አልበላችም። «ሰው ቤቱን ይጋርዳል እንጂ ግድግዳውን ፈልጦ መስተዋት ያስገባል? ነገ ደግሞ በሩን ንቀልና የዓሣ መረብ ስቀልበት» አለችው።

አባቴ ግን አስቦበት ኖሯል። ድንጋዮቹን ገንዳው መካከል ላይ ከወለሉ እስከ ውኃው አፍ ድረስ ደርድሮ፣ በሲሚንቶ አያይዞ ግንብ አደረጋቸው። የኛ ወገን የራሱ ኮራል፣ የወንዶቹ ወገን የራሱ ኮራል ነበረው፣ መካከሉ ድፍን። ግንቡ ሲያልቅ እናቴን የባትሪ መብራት አስይዞ በኛ በኩል አቆማትና እሱ በዚያኛው በኩል ተንበርክኮ ብርሃን ያሾለከችውን ስንጥቅ ሁሉ አንድ በአንድ ደፈናት። በመጨረሻ ባትሪው በርቶም ዓይኑ ጨለማ ብቻ ሲያይ «ከመጋረጃ ይበልጣል፣ መጋረጃን ንፋስ ይገልጠዋል» ብሎ ተመፃደቀ።

ድንጋዩን ያመላለሰለት ዋጂህ ነበር። ዋጂህ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ቀን የባሕር ውኃ ጨው በሚያጣራው ፋብሪካ ይሠራል፣ ሐሙስ ሐሙስ በዕረፍቱ ደግሞ ጨዋማ ውኃ በጄሪካን ተሸክሞ እኛ ቤት ይመጣል። አያቴ «ይኼ ልጅ ጨው ሲያወጣና ጨው ሲያስገባ ዕድሜው አለቀ» ትላለች። እኔን የሚገርመኝ ዝግታው ነበር። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ጥልቅ አድርጎ ሲከት፣ ዋጂህ እጁን ከውኃው በላይ ዘርግቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ቀስ እያለ ያወርደዋል። የመጣበትን ጉዳይ የረሳ ይመስለኝ ስለነበር «ዋጂህ፣ ልታጸዳ ነው የመጣኸው» እያልኩ አስታውሰው ነበር። እሱም አላህ ይስጥልኝ ይለኛል።

በዚያው ሰሞን አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሁላችንም ጋደም ባልንበት ሰዓት ከግንቡ መካከል አንድ ድንጋይ ወደቀ። ቡጢዬን የሚያህል ቀዳዳ ተከፈተ። ነቅታ የነበረችው አያቴ ብቻ ናት፤ ጉልበቷን ስለሚቆረጥማት ቀን አትተኛም። አባቴ ፊቱ ቀልቶ ማን ነካው ሲል አያቴ መቁጠሪያዋን ሳትጥል መለሰች።

«ሸርጣኑ ነው። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። እንደ ኩሊ ተሸክሞት ሄደ።»

እውነት ነው፣ ከድንጋዮቹ ጋር ተደብቃ የመጣች አንዲት ትንሽ ሸርጣን ነበረችን። ቡጢ የሚያህል ድንጋይ ለመሸከም ግን የበግ ጉልበት ሊኖራት ይገባ ነበር። ይህንን ያኔ ማን ያስባል! አባቴ የዓሣ ቁራጭ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ አጠመዳትና፣ እኔን ከኋላ አስቀምጦ በመኪና ባሕር ዳር ወስዶ ለቀቃት። በመንገድ ሁሉ ለምን እንዲህ እንዳደረገች እየጠየቅኳት አለቀስኩ። ወደ ኋላዋ ሳታይ ነው የሄደችው፤ ጥፋቷን ታውቃለች ብዬ ደመደምኩ።

የወደቀውን ድንጋይ መመለስ ግን አልተቻለም፤ ከላይ ያሉት ተጫጭነው ስለነበር ቢገፉት ግንቡ በሙሉ ይናዳል። መላ ያመጣው ዋጂህ ነው። «አቡ ኡልፋት፣ ለምን የሚያድግ መጋረጃ አንተክልበትም?» አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ በውኃ በተሞላ ፌስታል የሚያጨበጭብ ኮራል ይዞ መጣ። ይኼ ኮራል ካላዩት አይታመንም፤ ከአንድ ግንድ የወጡ ብዙ ትንንሽ ነጫጭ እጆች አሉት፣ እጆቹም ቀኑን ሙሉ ይከፈታሉ፣ ይጨበጣሉ። ዋጂህ ቀዳዳው አፍ ላይ አጣበቀው። ሁለት ወር ሳይሞላ ተስፋፍቶ ቀዳዳውን ሸፈነው፤ እጆቹ በተራ በተራ ስለሚጨበጡ ከኋላቸው ያለውን አያሳዩም። አባቴ በባትሪ መረመረና ረካ። ያን ያህል ጠንቃቃ ሰው የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ ሲሰቀልለት አለማጉረምረሙ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

እኔ ለኮራሉ ነፍሴን ሰጠሁት። የሚያጨበጭበው ለእኔ ነበራ። ጫማዬን ራሴ ካሰርኩ፣ ሩዜን ከጨረስኩ፣ እሮጥና ፊቱ እቆማለሁ፤ ያጨበጭብልኛል። ከእኔ ሌላ የሚወደው ሰው ቢኖር የአባቴ እህት ናጂያ ብቻ ነበረች። ናጂያ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሣቂታ ናት፣ የጠየቋትን ሁለት ባሎች «ጥላቸውን እንኳ ሳላየው?» እያለች መልሳለች። ሐሙስ ሐሙስ ዓይኗን ተኩላ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ገንዳው ሥር ትራስ አስጠግታ ትቀመጣለች። ዓሦቹ ሰው ይለያሉ ብላኝ ስለነበር ለዓሦቹ የምትኳል መስሎኝ እኔም አንድ ቀን ተኩዬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሣቋን መቆጣጠር አቅቷት ክፍሉን ጥላ ወጣች።

ችግሩ ኮራሉ ሐሙስ ሐሙስ መታመሙ ነበር። ሌላ ቀን ደህና ሲያጨበጭብ ውሎ፣ ዋጂህ በመጣበት ቀን ሁሉም እጆች በአንዴ ይጨማደዱና የደረቀ ሎሚ ያህላሉ። አባቴ ውኃውን ቀየረ፣ መብራቱን ከፍ ዝቅ አደረገ። አያቴ በበኩሏ «የሰው ዓይን ነው፣ ማሻአላህ ሳይል የሚያየው አለ» አለች። በክፉ ዓይን የሚያየውን ሰው ለመያዝ ቆረጥኩ። አንድ ሐሙስ ትራሶቹ ኋላ ተደብቄ ጠበቅሁ።

ያየሁት ያልጠበቅሁትን ነው። አያቴ ረጅሙን የሾርባ ጭልፋ ይዛ ወንበር ላይ ወጣች፤ ጉልበቷን የሚቆረጥማት አያቴ! ጭልፋውን ዘቅዝቃ በእጀታው ኮራሉን ጎነተል አደረገችው። ተጨማደደ። ወርዳ ዓይኗን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ በቀዳዳው ተመለከተችና «ብቻውን ነው፣ ነይ» አለች። ናጂያ ተጎንብሳ ቦታውን ያዘች።

ከተደበቅሁበት ስወጣ አያቴ አልደነገጠችም። ኮራሉን በጭልፋው እያሻሸች ዱዓ እንደምታደርግለት፣ አክስቴም እንደ በሽተኛ ጠያቂ እንደመጣች ነገረችኝ። «ለማንም ከተናገርሽ ግን ዱዓው ይፈርሳል፣ ኮራሉም ይሞታል» አለችኝ። ብቻውን የተባለው ኮራሉ ነው ብዬ አመንኩ። የበሽተኛ ብቸኝነት ያሳዝናል።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ቀን በምሳ ላይ ነው። አባቴ ከሪያድ አንድ ሰው ናጂያን እንደጠየቀ ተናገረ። አቲያ ይባላል፣ የጎማ ነጋዴ ነው፣ ሐብታም፣ ጨዋ፣ ሚስቱ የሞተችበት። ሐሙስ ይመጣል፣ እኔም ቃሌን እሰጠዋለሁ አለ። ናጂያ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው ስትል አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሰው እንደ ጎማ እየታየ አይመረጥም።»

«ጎማውንማ እሱ አይቶ ነው የሚገዛው፣ ወንድሜ» አለች ናጂያ።

አባቴ ተቆጣ፤ ሲቆጣ ደግሞ በያዘው ሁሉ ነው የሚቆጣው። ያ ኮራል ሐሙስ ዕለት ታሞ ካገኘሁት ገንዳውን አፍስሼ ግድግዳውን በብሎኬት አስሞላዋለሁ አለ። ናጂያ ማዕድ ቤት ገብታ በተቆራረጠው ዓሣ ላይ አነባች። ለኮራሉ መስሎኝ ቀሚሷን ይዤ «አይዞሽ፣ አይሞትም፣ ሲቲ ዱዓ ታደርግለታለች» አልኳት፤ አያቴን ሲቲ ነው የምንላት። ናጂያ እየሣቀች አለቀሰች። ለካስ ከኮራሉ ይልቅ እሷ ነበረች የምትቀበረው፤ ሪያድ፣ አይታው ከማታውቀው ሰው ጋር፣ መስኮቷም በብሎኬት ተደፍኖ።

ሐሙስ ደረሰ። ዋጂህ እንደ ልማዱ ውኃ ይዞ ሲመጣ አባቴ ደረጃው ላይ ተቀብሎ ዛሬ ትልቅ እንግዳ አለብን፣ እዚያው አስቀምጠው አለው። ዋጂህ ጄሪካኖቹን አስቀመጠ፤ እሱ ግን አልሄደም። ደክሞት ነው ብዬ ውኃ ወሰድኩለት። ሳይጠጣው ይዞት ቁጭ አለ።

እኔ ትንሽ ስለሆንኩ ወንዶቹ ዘንድ እገባለሁ፤ ተምር የማቀርበው እኔ ነኝ። አቲያ ወፍራም፣ ደልደል ያለ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር። ጣቱ ላይ ባለ ጥቁር ድንጋይ ትልቅ ቀለበት አለ። አባቴ ስለ ኮራሎቹ ማስረዳት ጀመረ፤ ከጀመረ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። አቲያ ሲሰለቸው ተነስቶ ገንዳው ዘንድ ሄደና በቀለበቱ መስተዋቱን መታ። ታክ ታክ።

በወንዶቹ ወገን የነበረው ኮራል ሁሉ ኩርምት አለ። የአባቴ ጢም ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እንግዳ ነውና ዋጥ አድርጎት «ይደነግጣሉ፣ ሰይድ አቲያ» አለ።

«ድንጋይ ይደነግጣል እንዴ?» ብሎ አቲያ ሣቀና ከፊተኛው ይበልጥ አጠንክሮ መታው።

ያኔ የሚያጨበጭበው ኮራል እጆቹን ሁሉ ሰበሰበ። አቲያ ምን ሆነ ብሎ ፊቱን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። ከቀዳዳው ወዲያ አንድ ዓይን ነበረ። ውኃው ያገዘፈው፣ የብርቱካን ያህል፣ ዙሪያው የተሸበሸበ፣ የማይርገበገብ ዓይን። አቲያ ወደ ኋላ ዘሎ የተምሩ ሳህን ላይ ተቀመጠ።

«ይህ… ይህ ምን የሚሉት ዓሣ ነው?» አለ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። ዓይኑ አሁንም እዚያው ነው፤ አያቴ ከመጣችበት ነገር ንቅንቅ የምትል ሰው አይደለችም። አባቴ ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ኮራሉ ታሞ ተገኘ ማለት ነው፣ ብሎኬቱ ሊመጣ ነው። ምስጢር ጠብቄ ኮራሉን ከማስገድል ተናግሬ ባድነው ይሻላል ብዬ መሃል ገባሁ።

«ዓሣ አይደለችም፣ አባ። ሲቲ ናት። ኮራሉ እንዲድን ሐሙስ ሐሙስ ዱዓ ታደርግለታለች። ከዚያ አክስቴ ዓይኗን ተኩላ ትመጣና ዋጂህ እስኪሄድ ድረስ ትጠይቀዋለች።»

አቲያ ከነጭ ቀሚሱ ላይ ተምሩን እየለቀመ ተነሳ። ግድግዳው ዓይን ካለው ቤት ሚስት እንደማይወስድ በጨዋ ቃል ተናገረና፣ ዋጂህን በደረጃው ላይ ተሻግሮ ሄደ።

አባቴ ወደ ሴቶቹ ሳሎን ሳያስል የገባው ያን ቀን ብቻ ነው። ናጂያ ግድግዳው ጥግ ቆማለች። አያቴ ጭልፋውን ጭኗ ላይ አጋድማ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች።

«እማ፣ አዋረድሽኝ» አላት።

«ዛሬ እንኳ ጭልፋዬን አልነከርኩም። ራሱ አንኳኩቶ ራሱ ከፈተው» አለች አያቴ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ አባትህን ያየሁት ካገባሁት በኋላ ነው፣ ጀሚል። በማግስቱ፣ ጎህ ሲቀድ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አላህ ይማረው። የዚያን ዕለት ድንጋጤ ግን እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ልጄ ያንን ድንጋጤ አትደነግጥም።»

አባቴ ወደ ናጂያ ዞረና፣ ያን ሁሉ ሐሙስ ያየችው ምን እንደሆነ ጠየቃት። ትጮኽበታለች ብዬ ጆሮዬን ልይዝ ስል ናጂያ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ፊቱን ብዙም አላየሁትም። ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ የሚታየው እጁ ነው። እጁን ከመክተቱ በፊት ከውኃው በላይ ይዘረጋዋል። እንዳይደነግጡ መጀመሪያ ጥላውን ያስለምዳቸዋል፣ ወንድሜ። ድንጋይ እንዳይደነግጥ ይጠነቀቃል።»

አባቴ ወደ ገንዳው ዞረ። ኮራሉ አንድ ጣት፣ ከዚያ ሌላ፣ እጆቹን መዘርጋት ጀመረ። አባቴ ወደ እኔ ጎንበስ አለና ሰውየው ሁለት ጊዜ ነው አይደል ያንኳኳው ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛውማ ከነገርከው በኋላ ነው አልኩት። «እሱ ነው የገረመኝ» አለና ወደ ደረጃው ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ።

ዋጂህ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ የሰጠሁትን ውኃ እንደያዘ ነበር። አባቴን ሲያይ ብድግ አለ። አባቴ ብዙ አላወራም፤ «ነገ እናትህን ይዘሃት ና» ብቻ ነው ያለው። የዋጂህ እናት የኮራል ሐኪም መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ መጥታ ኮራሉን ዞር ብላ እንኳ ሳታየው ናጂያን አቅፋ ስትስም ግን ሙያዋን ተጠራጠርኩ።

ብሎኬቱ አልመጣም። ናጂያና ዋጂህ አሁን አምስት የልጅ ልጆች አሏቸው፤ ሲጣሉ ናጂያ «ያን ቀዳዳ ሲሚንቶ ቢደፍነው ኖሮ» ትላለች፣ እሱ ደግሞ እየሣቀ እጁን ከፊቷ ዘርግቶ ይቆያል።

እኔን ደግሞ በሃያ ሁለት ዓመቴ ሰው ጠየቀኝ። እንግዳው በመጣ ዕለት አባቴ፣ ያ ስንጥቅ ሁሉ የደፈነው አባቴ፣ ስለ ኮራሎቹ ካወራለት በኋላ ሻይ ላስመጣ ብሎ ገንዳው ፊት ብቻውን ትቶት ወጣ። አያቴ ያኔ ዓይኗ ሞራ ጋርዶት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነበር የምትለየው። እጄን ይዛ ትራሱ ላይ አስቀመጠችኝና ጭልፋውን በዳበሳ ከመደርደሪያው ኋላ አወጣች።

«ያቺን ሸርጣን ታስታውሺያታለሽ?» አለችኝ።

«ድንጋዩን የጣለችው?»

«ምን አቅም ኖሯት! በከንቱ ነው ከቤት ያስወጣኋት። አላህ ይቅር ይበለኝ።» ጭልፋውን ዘቅዝቃ ሰጠችኝ። «በይ ቀስ ብለሽ ጎነተል አድርጊው።»

ጎነተል አደረግሁት። እጆቹ ተጨማደዱ፣ ቀዳዳው ተከፈተ። ዓይኔን ወደ ቀዳዳው ላስጠጋ ስል አያቴ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ቆይ፣ ፊቱን አትይ። መስተዋቱን አንኳኳ?»

ጠበቅሁ። ከወዲያ በኩል አንድ እጅ ወደ መስተዋቱ መጣ፣ ሊነካው ቀረበ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተመልሶ ከባለቤቱ ጀርባ ተደበቀ።

«አላንኳኳም፣ ሲቲ።»

«እንግዲያው አሁን ፊቱን እይው» አለችኝ።